ጥቁር ጭስ ሁሉ የኢንጀክተር ጥፋት አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በቅርቡ ስለ አሮጌ ተሽከርካሪዎች ጭስ ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ፣ ጥቁር ጭስ የሚያወጣ የናፍጣ መኪና ኢንጀክተሩ (ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ዕቃ) አልቋልና ባለቤቱ ሳይውል ሳያድር ሊያስቀይረው ይገባል የሚል ምክር ሰፍሮ አንብቤአለሁ። ምክሩ በቅን ልቦና እንደተሰጠ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን እኔ በምኖርበት በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች የሚኖር ባለመኪና ቃል በቃል ቢከተለው ያለአንዳች ጥቅም ብዙ ገንዘብ ሊያወጣ ይችላል። የአውቶ መካኒክ ሙያ ሳስተምር የኖርኩ፣ ከማስተማሩም ጎን ለጎን በፖምፓ (ናፍጣውን በግፊት ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚልከው ክፍል) እና በኢንጀክተር ጥገና ላይ የሠራሁ ሰው እንደመሆኔ፣ ኢንጀክተር መቀየር ያለበት መቼ እንደሆነና ከዚያ በፊት ምን መመርመር እንዳለበት ለአንባቢዎችዎ እንዳስረዳ እንዲፈቅዱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአየሩ ልጀምር። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ ቱርቦ (አየር እየጨመቀ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ ዙር የሚስበው አየርም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በአሮጌዎቹ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ያለው ፖምፓ ግን ከፍታን የሚያካክስ መሣሪያ ካልተገጠመለት በስተቀር ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ፋብሪካው በወሰነለት መጠን ናፍጣውን መላኩን ይቀጥላል። በቂ አየር ያላገኘ ናፍጣ ተቃጥሎ ስለማያልቅ ትርፉ ጥላሸት ሆኖ በማርሚታው ይወጣል። እህል ጭኖ ከዓባይ ሸለቆ ወደ ደጀን የሚወጣን አሮጌ አይሱዙ የተከተለ ሰው ይህን በዓይኑ አይቶታል፦ ድልድዩን ተሻግሮ ሽቅቡን ሲጀምር ሳሳ ያለው ጭስ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ተጉዞ ደጀን አፋፍ ላይ ሲደርስ ጥቅጥቅ ብሎ ይጠቁራል። መኪናው ያው ነው፣ ጭነቱም ያው ነው፣ አራቱ ኢንጀክተሮችም ከታች የነበሩት ናቸው፤ የተለወጠው አየሩ ብቻ ነው።

ከአየሩ መሳሳት ሌላ ጥቁር ጭስ የሚያመጡ ምክንያቶችም አሉ፤ ሁሉም ከኢንጀክተር በፊት መታየት ይገባቸዋል። የመጀመሪያው የአየር ፊልትሮ ነው። በበጋ ወራት በጠጠር መንገድ የሚመላለስ፣ በተለይም ጤፍ ሲወቃ ከአውድማ አጠገብ ቆሞ የሚጭን መኪና የአየር ፊልትሮው በአጭር ጊዜ ውስጥ በአቧራና በገለባ ብናኝ ይደፈናል። ሁለተኛው ጉልበት ይጨምራል ተብሎ ብሎኑ የተነካ ፖምፓ ነው። ይህ በአካባቢያችን የተለመደ ነገር ሲሆን፣ አሽከርካሪው ለጥቂት ጊዜ መኪናው የበረታ ቢመስለውም ሞተሩ አየር ሳይጨመርለት ናፍጣ ብቻ እየተጨመረለት ስለሆነ ጭሱና ሙቀቱ ያይላሉ፣ ፒስተኑም ይጎዳል። የባልቦላ (አየር የሚያስገባውና ጭስ የሚያስወጣው በር) ክፍተት መዛባትና ፖምፓው ናፍጣ የሚልክበት ሰዓት መሳትም እንዲሁ ያጨሳሉ። እነዚህን ሁሉ ሳያዩ በቀጥታ ኢንጀክተር መፍታት «ሳያጣሩ ወሬ ሳይገድሉ ጎፈሬ» የሚሉት ዓይነት ሥራ ነው።

ይህን ስል ኢንጀክተር አይበላሽም ማለቴ አይደለም፤ ይበላሻል፣ በአሮጌ መኪና ላይ ደግሞ መድከሙ አይቀርም። በናፍጣ ሞተር ውስጥ የኢንጀክተር ሥራ በተወሰነለት ግፊት ተከፍቶ ናፍጣውን እንደ ደጋ ጉም አድቅቆ መበተንና ወዲያው ጠብ ሳያደርግ መዝጋት ነው። የመክፈቻው ግፊት ቅድመ ማቃጠያ ክፍል ባላቸው ሞተሮች ላይ በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ባር፣ ናፍጣው በቀጥታ በፒስተኑ አናት ላይ በሚረጭባቸው ሞተሮች ደግሞ 200 ባር አካባቢና ከዚያም በላይ ነው። ዘመን ሲቆጠር የውስጡ ስፕሪንግ ይላላና ኢንጀክተሩ ያለጊዜው ይከፍታል፤ የኖዝሉ ቀዳዳ በካርቦን ይጠብባል፤ መርፌው የሚያርፍበት ቦታ ይበላና ናፍጣ ያንጠባጥባል። ከሁሉ የከፋው ይህ የመጨረሻው ነው። የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ሞተሩን በጠንካራ ድምፅ ያንኳኳዋል፣ ጠዋት በብርድ ሲነሣ ዓይን የሚያቃጥል ነጣ ያለ ጭስ ያወጣል፣ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሲሠራ) ላይ ሞተሩን ያንቀጠቅጣል፤ ችላ ከተባለም የፒስተኑን አናት እስከ መብሳት ይደርሳል። ሆኖም ጠዋት ነጭ ጭስ ያየ ሁሉ ወደ ኢንጀክተር እንዳይሮጥ፤ በደብረ ማርቆስ ብርድ ከማሞቂያ ካንዴላዎቹ አንዱ ቢቃጠል እንኳ ተመሳሳይ ጭስ ይታያል፣ እነዚህ ካንዴላዎች ደግሞ በቴስተር ወይም በመብራት በቀላሉ የሚፈተሹ ናቸው።

የታመመውን ሲሊንደር ለይቶ ማወቅ ከባድ አይደለም። አሮጌው ፖምፓ ባለበት ሞተር ላይ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ወደ እያንዳንዱ ኢንጀክተር የሚሄደውን የግፊት ቱቦ ዳዶ በየተራ ጥቂት ማላላት ነው። ዳዶው በላላበት ጊዜ ሞተሩ ከተደናቀፈና ድምፁ ከተለወጠ ያ ሲሊንደር ሲሠራ ነበር ማለት ነው፤ ምንም ለውጥ ካልተሰማ ግን ችግሩ እዚያ ነው፤ ማንኳኳቱ ከቆመ ደግሞ የሚያንኳኳው የዚያው ሲሊንደር ኢንጀክተር መሆኑ ይታወቃል። በዚህ ሥራ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ዳዶውን በወፍራም ጨርቅ መሸፈን፣ መነጽር ማድረግ፣ እጅን ከሚረጨው ናፍጣ ፊት ፈጽሞ አለማቅረብ። በግፊት የተረጨ ናፍጣ ቆዳን በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ ቀዳዳው የመርፌ ጫፍ ያህል ሆኖ ቢታይም አስቸኳይ የቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ጉዳት ነው። ኮመን ሬል በሚባለው፣ ናፍጣው ለሁሉም ኢንጀክተሮች በአንድ የጋራ ቱቦ በከፍተኛ ግፊት በሚቀርብበት ሥርዓት በሚሠሩ የኋላ ዘመን መኪኖች ላይ ደግሞ ግፊቱ ከ1,000 ባር በላይ ስለሚሄድ ሞተሩ እየሠራ ዳዶ ማላላት ጨርሶ የተከለከለ ነው።

ሲሊንደሩ ተለየ ማለት ግን ኢንጀክተሩ ጥፋተኛ ሆነ ማለት አይደለም። ያው ሲሊንደር ኮምፕሬሽን (አየሩን የመጭመቅ ኃይል) አጥቶም ሊሆን ስለሚችል መለካት አለበት። እዚህ ላይ ደጋማው አካባቢያችን ሌላ ወጥመድ አለው። የጥገና መጽሐፎቹ የሚሰጡት የኮምፕሬሽን ቁጥር ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፈ ነው፤ መጽሐፉ 30 ባር የሚል ከሆነ፣ በደብረ ማርቆስ ጤነኛው ሞተር 22 ወይም 23 ባር ቢያሳይ ሊያስደነግጥ አይገባም፣ የሚስበው አየር ራሱ በሩብ ያህል ያነሰ ነውና። ይህን ያላገናዘበ ባለሙያ ደህናውን ሞተር «አልቋል፣ ይውረድ» ብሎ ሲፈርድበት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ስለዚህ ዋናው ነገር ከመጽሐፉ ጋር ማነጻጸር ሳይሆን ሲሊንደሮቹን እርስ በርሳቸው ማነጻጸር ነው፤ ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ በጣም ካነሰ ችግሩ በባልቦላው፣ በፋሻው (በፒስተኑ ቀለበት) ወይም በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛው ክዳን) ላይ እንጂ በኢንጀክተሩ ላይ አይደለም።

ኮምፕሬሽኑ ደህና ከሆነ ኢንጀክተሮቹ ይፈቱና በመሞከሪያው ላይ ይታያሉ። መሞከሪያው በእጅ የሚጫን ፓምፕና ጌጅ ያለው ቀላል መሣሪያ ስለሆነ በፖምፓና ኢንጀክተር ጥገና ላይ የተሠማራ ቤት ሁሉ ሊኖረው ይገባል። ማንሻውን ቀስ አድርገው ሲጫኑ የጌጁ ቀስት ወደ ላይ ይወጣል፤ ኢንጀክተሩ ሲከፍት ቀስቱ የቆመበትን ቁጥር ይመዘግባሉ፤ የሚረጨው ናፍጣ በእኩል ተበትኖ እንደሆነ ወይም በአንድ ወገን እንደ ክር ቀጥኖ እንደሚወጣ ያያሉ። ከዚያም ግፊቱን ከመክፈቻው 10 ባር ያህል ዝቅ አድርገው ለአሥር ሰከንድ ያህል ይዘው ጫፉን ይመለከታሉ። በዚህ ጊዜ የኖዝሉ ጫፍ ደረቅ መሆን አለበት።

የማስታውሰውን አንድ ጉዳይ ብገልጽ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ከፍኖተ ሰላም የመጣ የሚኒባስ ባለቤት አንድ ጋራዥ «አራቱም አልቀዋል» ብሎት አራት አዲስ ኢንጀክተሮች አስገጥሞ ነበር፤ ጭሱም ማንኳኳቱም አልተወውም። ደግነቱ አሮጌዎቹን በፌስታል ቋጥሮ ይዟቸው ስለነበር፣ አዲሶቹንም ፈትተን ስምንቱን በየተራ መሞከሪያው ላይ አሰርናቸው። ከአሮጌዎቹ መካከል ሦስቱ ግፊታቸው ትንሽ ከመውረዱ በስተቀር አረጫጨታቸው እንከን አልነበረውም፤ አራተኛው ግን ማንሻውን ገና ሳንለቅ ጫፉ ላይ አንዲት ጠብታ አንጠለጠለ፣ ጠብታዋ ወፍራ ወደቀች፣ ሌላ ተከተለች። ያልጠበቅነው ከአዲሶቹ ዘንድ መጣ፦ ማሸጊያቸው ላይ ኦሪጅናል የሚል ተጽፎባቸው ሳለ ሁለቱ የሚከፍቱበት ግፊት ከሌሎቹ ሁለት ጋር ፈጽሞ አይገናኝም፣ ከእነዚያም አንደኛው ያንጠባጥባል። በመጨረሻ የተሠራው ሥራ የአንዱን አሮጌ ኢንጀክተር ኖዝል መቀየር፣ የአራቱንም ግፊት በውስጣቸው ባለው ሺም (ስፕሪንጉን የሚደግፍ ስስ ቀለበት) እኩል ማድረግ፣ የአየር ፊልትሮውንም መለወጥ ብቻ ነበር። ሺሙ ሲወፍር ስፕሪንጉ ይጠብቃል፣ የመክፈቻው ግፊትም ይጨምራል፤ ዋጋው ከአዲስ ኢንጀክተር ጋር ጨርሶ የሚወዳደር አይደለም። ባለመኪናው «መምህር፣ ገንዘቡስ ይሁን፣ የቆጨኝ መኪናው የቆመበት ቀን ነው» ብሎኝ ሄደ።

ስለ ቤንዚን መኪኖች አጠር አድርጌ ልናገር። ካርቡራቶር የቀረላቸው ኮሮላዎችና ከእነሱ በኋላ የመጡት ትንንሽ መኪኖች ኢንጀክተራቸው በኤሌክትሪክ የሚከፈት ሲሆን፣ የነዳጁ ግፊት 3 ባር አካባቢ ብቻ ነው። እዚህ ላይ የሚበዛው ችግር መበላሸት ሳይሆን መቆሸሽ ነው። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ረጅም ካቻቢቴ ጫፉን በኢንጀክተሩ ላይ፣ እጀታውን በጆሮ ላይ አድርጎ ማዳመጥ ይቻላል፤ የሚሠራው ኢንጀክተር ቶሎ ቶሎ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ የሞተው ዝም ይላል። ዝም ካለ ሶኬቱን ነቅሎ በቴስተር መለካት ነው፤ በአብዛኞቹ ላይ ከ12 እስከ 16 ኦም ይነበባል፣ ጥቂት ሞዴሎች ላይ ደግሞ 2 ወይም 3 ኦም ነው፤ ጨርሶ ካላነበበ የውስጡ ሽቦ ተበጥሷል። ጠቅታው እያለ ሞተሩ ካልተስተካከለ የተጠረጠረውን ኢንጀክተር ከጎረቤቱ ሲሊንደር ኢንጀክተር ጋር ቦታ ማለዋወጥ ያስፈልጋል፦ ችግሩ ኢንጀክተሩን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የእሱ ነው፣ እዚያው ከቀረ ግን ካንዴላውን፣ ኮይሉን፣ ባልቦላውን መፈለግ ነው። ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ ያላቸው ወጣት ባለሙያዎችም ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። ፒ 0302 የሚለው ኮድ የሚናገረው በሁለተኛው ሲሊንደር ውስጥ ማቃጠል መጓደሉን እንጂ ሁለተኛው ኢንጀክተር መበላሸቱን አይደለም፤ ኮዱን አይተው ወዲያው ዕቃ እንዲገዛ የሚያዙ መኖራቸው ያሳዝናል። የቆሸሸ የቤንዚን ኢንጀክተር በአልትራሳውንድ ታጥቦ፣ በመሞከሪያው የመስታወት ቱቦዎች የእያንዳንዱ ልኬት ተነጻጽሮ ሊመለስ የሚችል ነው። ባትሪ ላይ በቀጥታ በሽቦ አገናኝቶ «ማጽዳት» ግን የውስጡን ጥቅል ሽቦ ያቃጥለዋል።

መቀየሩ የግድ ሲሆን ደግሞ አገጣጠሙ ራሱ ትኩረት ይፈልጋል፤ ብዙው ጥፋት የሚፈጸመውም እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ከመፈታቱ በፊት አካባቢው በአየርና በብሩሽ መጽዳት አለበት፣ የተፈቱት ቱቦዎች አፋቸው ወዲያው መደፈን አለበት፤ ለኖዝል ቀዳዳ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት በቂ ጠላት ናት። በናፍጣ ሞተር ላይ ከኢንጀክተሩ ሥር ያለው የመዳብ ሮንዴላ ሁልጊዜ በአዲስ መተካት ይገባዋል። አሮጌው ሮንዴላ ብዙ ጊዜ ከጉድጓዱ ሥር ተጣብቆ ስለሚቀር፣ ባለሙያው በመብራት አጎንብሶ ካላየና ካላወጣው አዲሱ በላዩ ይደረባል፤ ያን ጊዜ ኢንጀክተሩ ቦታውን ስለማይዝ የሚቃጠለው ጋዝ በጎኑ እያፏጨ ይወጣል፣ ኖዝሉም በሙቀት ይበላል። ዳዶውና ማሰሪያው በእጅ ጉልበት ሳይሆን በቶርክ መፍቻ፣ በመጽሐፉ ልክ መጥበቅ አለባቸው፤ ከልክ በላይ የጠበቀ ኢንጀክተር አካሉ ተጣሞ መርፌው ይያዛል። ከዚያም በናፍጣው መስመር የገባውን አየር ከነዳጅ ፊልትሮው ጀምሮ እስከ ቱቦዎቹ ጫፍ ማስወጣት ነው፤ ይህ ሳይደረግ ሞተሪኖውን ደጋግሞ ማስጮህ ባትሪ መግደል ብቻ ነው። በቤንዚን መኪና ላይ ሥራው ሳይጀመር የነዳጁ ፓምፕ ፊውዝ ወጥቶ ሞተሩ እስኪጠፋ መሥራትና የባትሪው ኔጋቲቭ መፈታት አለበት፣ ሞተሩም መቀዝቀዝ አለበት፤ ኦሪንጎቹ በአዲስ ተተክተው በንጹሕ የሞተር ዘይት ረጠብ ተደርገው ይገጠማሉ። በኮመን ሬል መኪኖች ላይ በኢንጀክተሩ አካል ላይ የተጻፈው ኮድ በብዙዎቹ ሞዴሎች ወደ መኪናው ኮምፒውተር መግባት ስላለበት፣ መሣሪያው የሌለው ሰው ባይነካቸው ይመረጣል።

አዲስ የተገጠመ ኢንጀክተር በወራት ውስጥ ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ከነዳጁ ነው። ነዳጅ በጠፋ ጊዜ በየመንገዱ ዳር በጀሪካንና በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ከየት እንደተቀዳ፣ ምን እንደተጨመረበት የሚያውቅ የለም። ነጭ ጋዝ የተደባለቀበት ናፍጣ ቅባትነቱ ስለሚቀንስ በናፍጣው ብቻ የሚለሰልሱትን የፖምፓውንና የኖዝሉን ጠባብ ክፍሎች ይፍቃቸዋል፤ ውኃ የገባበት ናፍጣ ደግሞ ያዝጋቸዋል። በፊልትሮው ሥር ያለችውን የውኃ መውጫ ብሎን በየሳምንቱ ማላላት፣ በደጋው ብርድ ታንከሩ ጎዶሎ ሆኖ እንዳያድር ማድረግ፣ የነዳጅ ፊልትሮውንም በጊዜው መቀየር ለማንም አሽከርካሪ የማይከብዱ ነገሮች ናቸው።

ይህን ያህል ያብራራሁት አሮጌዎቹ መኪኖች ነገ ከመንገድ የሚወጡ ስላልሆኑ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት በጣም አስወድዶታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ ዛሬ ከቢቸና ደብረ ማርቆስ፣ ከእንጅባራ ባሕር ዳር የሚመላለሰው ሃይሉክስና ሚኒባስ ለብዙ ዓመታት አብሮን መኖሩ አይቀርም፤ ባለቤቱም ለእያንዳንዱ መለዋወጫ የሚከፍለው ከቤተሰቡ ጉሮሮ ቀንሶ ነው።

በመሆኑም ጋዜጣዎ ቀደም ሲል የሰጠውን ምክር በሚቀጥለው እትም እንዲያስተካክል፣ ባለመኪኖችም ኢንጀክተር ይቀየር ሲባሉ ሁለት ነገር ሳያገኙ ገንዘብ እንዳይከፍሉ እንዲያሳስብ እጠይቃለሁ፦ አንደኛው የእያንዳንዱ ኢንጀክተር የመክፈቻ ግፊትና የማንጠባጠብ ፍተሻ ውጤት የተጻፈበት ወረቀት፣ ሁለተኛው ደግሞ የወጡት አሮጌ ዕቃዎች ራሳቸው። አዲሶቹም ከመገጠማቸው በፊት በዚያው መሞከሪያ ላይ ባለመኪናው ፊት ይታዩ። ለቦሎ ዓመታዊ ምርመራ የሚያደርጉ ክፍሎችም መኪናን በጭሱ ሲመልሱ፣ በወረቀቱ ላይ «ኢንጀክተር ይቀየር» ብለው ከመጻፍ ይልቅ በቅድሚያ የአየር ፊልትሮው፣ የፖምፓው ልክና የባልቦላው ክፍተት እንዲመረመር ቢያዙ መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአውቶ መካኒክ መምህር
ከደብረ ማርቆስ